መሬቱ ተነፈሰ አሉኝ፤ ከፒያሳ ቦንጋ ደርሶ መልስ

መነሻ

ከፒያሳ የወጣሁት ገና በማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ዛፍ ነው። ቦንጋ አጠገብ፣ አክስቴ የቡና ማሳ ውስጥ የቆመ ዋንዛ ይቆረጥ ወይስ ይቅር የሚለውን ለማስወሰን ነው ይህን ሁሉ አገር የማቋርጠው። «ለአንድ ዛፍ?» ብላ ባለቤቴ ስቃብኛለች። እናንተም ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

አክስቴን እታለም እንላቸዋለን። የእናቴ ታናሽ ናቸው። እናቴ ከወሎ አራዳ መጥታ ስትቀር፣ እታለም በዚያ በክፉው የድርቅ ዘመን ከባላቸው ጋር በሰፈራ ከፋ ገቡ። ቤት እስኪቀለስላቸው ያደሩት ያ ዋንዛ ሥር ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱትም እዚያው ነው። ቡናውን ኋላ በጥላው ዙሪያ ተከሉ። አሁን ሁለተኛው ልጃቸው ደረጀ ጥላውን ሁሉ ጥለን ቡናውን ለፀሐይ እንክፈተው እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። በታች በኩል የከፈተው ማሳ ብዙ ቡና ስለሰጠው ልቡ አብጧል።

«ልቤ እምቢ አለኝ» አሉኝ በስልክ። «ያቺን አፈር የምታጠና ያልከኝን ልጅ አምጣልኝማ። መሬቱ ራሱ ይናገር። ጣሉት ካለ እጥለዋለሁ፤ ተዉት ካለ ደረጀ አፉን ይዝጋ።»

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ የአፍንጮ በር ልጅ ናት። እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሱቄ የነበረበት ግንብ ከፈረሰ ወዲህ አምስት ኪሎ አንድ ወዳጄ ሱቁ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሰጥቶኝ እሠራለሁ፤ የተዋወቅነውም የአባቷን ሰዓት ልታሠራ መጥታ ነው። ከጥላ ሥር ያለ የቡና መሬትና ጥላ የሌለው መሬት የሚያወጡትን ካርቦን እየለካች ታስተያያለች። ስነግራት ደስ አላት፤ አዲስ ማሳ መለካትም ፈልጋ ነበር።

መኪናዬን ሳሞቅ ጎረቤቴ ጋሽ ተካ ከኪዳን ሲመለሱ አገኙኝ። ጃንጥላቸውን አጥፈው እንደ ምርኩዝ ይይዙታል። የፈረሱት ቤቶች የነበሩበትን ባዶ ሜዳ በጃንጥላቸው ጫፍ አሳዩኝ።

«አየህ? ፒያሳ ተነፈሰች!»

«ጋሽ ተካ፣ ተነፈሰችስ ተነፈሰች፤ እኛ ግን የት ሄደን እንቀመጥ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ሁሌ ሆድ እንደባሰህ ነው» ብለው አለፉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሌ ሆድ ይብሰኛል። በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ አፍንጮ በር ወጣሁና ትርሲትን ከነሻንጣዋ ጫንኳት።

ግቤን መሻገር

ሰበታን እስክናልፍ የጭነት መኪና ጭስ ስንጠጣ ቆየን። ወሊሶ ፍርፍር በላን፤ ዋጋው ባለፈው ስመጣ ከከፈልኩት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አስተናጋጇን «ምነው፣ እንጀራው ከውጭ መጣ እንዴ?» ብላት፣ «ጋሼ፣ እኔም እኮ ደሞዜን ከፍርፍሩ ጋር እያወዳደርኩ ነው» አለችኝ። ሳቅን፤ ግን የምር የሳቀ የለም።

ከወልቂጤ በኋላ ቁልቁለቱን ወደ ግቤ ወረድን። ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊት ይመታል። ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ዳር ተኮልኩለው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ስንወጣ ትርሲት ጥላ አልባ ኮረብታዎቹን ትቆጥር ጀመር። ሰኮሩ ላይ ዝናብ ያዘን። ጅማ የደረስነው መብራት ጠፍቶ ነው፤ ሽሮ በሻማ በልተን በየክፍላችን ተኛን።

በማግስቱ በሸቤ አድርገን ጎጀብን ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ግን እንደ ልጅነቴ አልመሰለኝም፤ በየዳገቱ ደኑ ተሸንቁሮ ቀይ አፈር ይታያል። ግንድ የጫነ መኪና ደጋግሞ ተላለፈን።

የእታለም ማሳ

እታለም ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። እናቴ «አንቱ በላቸው» ብላ ስላሳደገችኝ እስካሁን ምላሴ አንቺ አይላቸውም። ጉንጬን ይዘው፣ «ሸበትክብኝ እኮ! እኅቴን መሰልክ» ብለው አለቀሱ። ትርሲትን ደግሞ፣ «ይቺ ናት መሬቱን የምታናግረው? ምነው ከሳች?» አሏት። ማርና ቆጮ ቀረበ። ደረጀ ጨበጠንና በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ማሳው ተዳፋት ላይ ነው። ላይ በኩል ዋንዛው አለ፤ ለሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ማቀፍ ያስቸግራል። ብርብራና ሰሳ የሚባሉ ዛፎች ዙሪያውን ቆመዋል። ከሥራቸው ያለው መሬት ጥቁር ነው፤ የረገፈው ቅጠል ከመወፈሩ የተነሳ እግር ይሰምጣል። ታች በኩል ደረጀ የከፈተው ነው። እዚያ ቡናው ፍሬ በፍሬ ሆኗል፤ ይህን መካድ አልችልም። አፈሩ ግን ቀልቷል፤ እጄን ሳሳርፍበት ይፋጃል።

ትርሲት ከላይም ከታችም የፕላስቲክ ቀለበቶች አፈሩ ውስጥ አስገባች። እላያቸው ላይ በየተራ ክዳን ትደፋለች፤ ከክዳኑ የወጣ ቀጭን ቱቦ ቁጥር የሚያሳይ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

«ምን እያረግሽው ነው ልጄ? አፈር ይከደናል እንዴ?» አሉ እታለም።

«ትንፋሹን ላዳምጥ ነው እታለም። አፈርም ይተነፍሳል።»

«ወዬ ጉድ!» አሉ፤ ወዲያው ግን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ አስጠጉ። ደረጀ እንኳ ሳቀ። ከመጣን ወዲህ እሱ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቦንጋ ከተማ

ልኬቱ ሲያልቅ ትርሲትን ሆዷን አመማት፤ የመንገዱ ምግብ ይሁን ማሩ እንጃ። ከተማ ሆቴል ትደር ተባለና ይዣት ወረድኩ። መኪና ውስጥ ሣጥኗን እያየች፣ «ጋሼ፣ ክፍቱ ማሳ እንዴት እንደሚተነፍስ አዩ? በጣም እኮ ነው!» አለችኝ።

«ከላይኛው ይበልጣል?»

«በጣም ይበልጣል። የአንድ ቀን ልኬት ፍርድ አይደለም፤ ግን ሌላም ቦታ ያገኘሁት ይኸው ነው። ነገ ራሴ አስረዳቸዋለሁ።»

«ምን አለፋሽ? አንቺ ዕረፊ፤ እኔ አደርሰዋለሁ» አልኳት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባል የለ? ያን ምሽት ጎፈሬዬን አበጥሬ ነው ዳገቱን የተመለስኩት።

እታለም እራት አቅርበው ሲጠብቁኝ ደረስኩ። ደረጀም ነበር።

«እህ፣ መሬቱ ምን አለ?»

«ክፍቱ የበለጠ ይተነፍሳል እታለም።»

«የላዩስ?»

«የላዩ ትንፋሹ ዝቅ ያለ ነው።»

«አላልኩም?» አለ ደረጀ። «ታፍኖ ነዋ! ዛፉ ተጭኖበት በምን ይተንፍስ?»

እታለም የያዙትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። «ለካ እኔ ጥላ የምለው አፈና ኖሯል» አሉ። «መቼም ቃል ገብቻለሁ። መሬቱ ከተናገረ በኋላ ምን እላለሁ?»

እኔም የገባኝ እንደነሱ ነው። የታመመ ሰው ቤት «ዛሬ ትንሽ ተነፈሰ» ሲባል ሁላችንም «ተመስገን» እንላለን። የሰላም ቀን ሲመጣ «ተነፈስን» እንላለን። ፒያሳም ተነፈሰች ተብሏል። መተንፈስ ለክፉ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ዛፉ አሳዘነኝ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው ብዬ ተኛሁ። እታለም ግን በጓዳው በኩል ሲገላበጡ ይሰማኝ ነበር።

የመጋዙ ድምፅ

ጠዋት ትርሲትን ላመጣ ወረድኩ። ተሽሏት ሻይ ስትጠጣ አገኘኋት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁመን የእግር መንገዱን ስንጀምር የሞተር መጋዝ ድምፅ ከላይ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ዋንዛው ነው መሰለኝ። ደረጀ ቆራጮቹን በጊዜ ጠራቸው ማለት ነው።»

«ለምን?»

«መሬቱ እንዲተነፍስ ነዋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?»

ቆመች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። «ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ሮጠች። እኔም ከኋላዋ ሮጥኩ፤ ዕድሜዬ እንኳን ዳገት ደረጃም የማይወድ ነው። «አቁሙ! አቁሙ!» እያለች ትጮኻለች፤ መጋዙ ይበልጣታል። ማሳው ጫፍ ስንደርስ ዋንዛው አንዴ ተንቋቋ፤ ከዚያ ሥሩ ያለውን ቡና ይዞ ወደቀ።

መጋዙ ጠፋ። በዚያ ጥቁር አፈር ላይ ፀሐይ በአንዴ ተዘረገፈ። እስከዚያ ቀን ፀሐይ እንደዚህ አስጠልቶኝ አያውቅም። እታለም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጋረዱ።

ትርሲት እያለቀሰች ነበር የምትናገረው። «እታለም፣ መሬት ሲተነፍስ የሚያወጣው የተቃጠለ አየር ነው። ስንት ዘመን የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ ሥር አፈር ውስጥ ያስቀመጠውን ካርቦን ነው የሚያወጣው። የላዩም ያወጣል፤ ግን ዛፉ ቅጠል ያረግፍለታል፣ ሥር ይሰጠዋል፣ ያወጣውን ይተካለታል። ታች ያለው ፀሐይ እያነደደው ያወጣል፤ የሚተካለት የለም። በዝቷል ያልኩት ኪሳራው ነው።»

«ቡናውስ? ቡናው አብዝቶ ሰጥቷል እኮ!» አለ ደረጀ።

«ለጊዜው ይሰጣል። የሚበላው ግን ካስቀመጠው ላይ ነው።»

እታለም የተቆረጠው ጉቶ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። 

«ታዲያ ይኼ መተንፈስ አይባልም፣ ልጄ። ማጣጣር ነው። መሬቱ እያጣጣረ ነው ብትሉኝ እኮ ይገባኝ ነበር።»

 ምን ይመለሳል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወደ ደረጀ ዞረው፣ «የቀሩት አይነኩም» ብቻ አሉ። እሱም አቀርቅሮ፣ «እሺ፣ እማ» አለ። ለቆራጮቹ ምሳ ቀረበላቸው፤ ለእኛም ቀረበ። 

ከመሄዳችን በፊት እታለም ትርሲትን ይዘው ዋንዛው ከወደቀ ወዲህ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ አቆሟት። «እስቲ አሁን ለኪው» አሏት።

«ዛሬ ምንም አያሳይም እታለም። ቀስ እያለ ነው የሚታየው።»

«እሱንም እንግዲህ ቁጭ ብዬ ላየው ነው» አሉ።

መልስ

ጎጀብን ተሻግረን፣ ጅማ አድረን፣ ግቤን ወጣን። ወልቂጤ ላይ ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ሲባል ስለለመድነው ሌላ ሰው ምን ይሰማበታል ብዬ አስቤ አላውቅም» አለችኝ። «ተይው፤ ያደረስኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አፍንጮ በር ሳወርዳት ሻንጣዋ ስንሄድ ከነበረው ይልቅ የከበደ መሰለኝ፤ ለናሙና የወሰደችው አፈር ሞልቶታል።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ የሚለኝ ካለ፣ ያልገባኝን ቃል አልሸከምም እለዋለሁ። የገባኝ የመሰለኝን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እፈራለሁ። ይህን የሚያህል ትምህርት ለመግዛት የሄደው የእኔ ዛፍ አለመሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ፒያሳ የገባሁት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ጋሽ ተካ ሰፊው ሜዳ መሐል ካለው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ድሮ በዚህ ሰዓት ከሱቄ በረንዳ ሥር ነበር የማይጠፉት።

«እንኳን ደህና መጣህ! ና እስቲ ጥላው ሥር ግባ፤ ንዳዱ አይቻልም» አሉና ጠጋ አሉልኝ። ሜዳውን በአገጫቸው እያሳዩኝ ደግሞ ጀመሩ። «ስትመለስ እንዴት አገኘሃት? ፒያሳ እኮ ተነ...»

«ጋሽ ተካ፣» አልኳቸው፣ «በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ሌላ ቃል ይፈልጉላት። ያ ቃል ዋንዛ ቆርጧል።»

ፊቴን አዩ። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት፤ የሳቸው ትከሻ ፀሐይ ላይ ቀረ።