ጨው ያነሰው ሳህን

እትዬ ሸዋረገጥ ጅማ ከገቡ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር ቤት ሠርተዋል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል። ግን አገርዎ የት ነው ያላቸው ሰው ዛሬም «አሰብ» ተብሎ ይመለሳል። ታዲያ እኛ ጅማዎች ምን አደረግናቸው ብዬ እበሽቅባቸው ነበር።

የምንሠራው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባክቴሪያ የሚበቅልበትን ምግብ የማበስለው እኔ፣ ምግቡ የፈሰሰባቸውን ሳህኖች መርምረው በመጨረሻ ማምከኛ ውስጥ የሚከቱት እሳቸው።

ዘንድሮ ናርዲ የምትባል ተመራማሪ ከጅቡቲ ዳርቻ በረዶ የሞላ ሣጥን ይዛ መጣች። እንቁላል ሊጥሉ ከወጡ የባሕር ኤሊዎች አፍ በጥጥ የጠረገችው ናሙና ነው፤ ምን ዓይነት ባክቴሪያ ይዘው እንደሚዞሩ ማወቅ ፈልጋለች። «ኤሊዋ የትም ዞራ የምትጥለው የተወለደችበት አካባቢ ተመልሳ ነው» እያለች ለእትዬ ሸዋረገጥ ታስረዳለች። ለቀባሪ አረዱት! እሳቸው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር የአሰብ አሸዋ ላይ ተቀምጠው አይተዋል።

እኔ ደግሞ ምግቡን ለጅማ ጉድጓድ ውሃ ናሙና እንደማበስለው አበሰልኩት። በሁለተኛው ቀን ሳህኖቹ ባዶ። ናርዲ ልታለቅስ ደረሰች፤ ኤሊዎቹ እንደገና የሚወጡት ለከርሞ ነው።

«ማል ጎቴ፣ ምን ሠራህ? ጨው ስንት አደረግክበት?» አሉኝ እትዬ ሸዋረገጥ።

«እንደ ሁልጊዜው።»

«የባሕር ልጅ በጅማ ውሃ ይጠግባል እንዴ፣ አንተ?»

ደግነቱ ግማሹ ናሙና በረዶ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጨው ጨምሬ ደገምኩት፤ በማግስቱ ሳህኖቹ በቢጫ ነጠብጣብ ተሞሉ። ከምሳ ስመለስ እትዬ ሸዋረገጥ አንዱን ከፍተው እያሸተቱ አገኘኋቸው። ሳህን ማሽተት ክልክል መሆኑን ያስተማሩኝ እኮ ራሳቸው ናቸው!

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» ብዬ ጮኽኩ።

ክዳኑን መለሱት። «እናቴ ከጨው ማምረቻው ስትገባ ቀሚሷ እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉ።

እናታቸው የተቀበሩት አሰብ ነው። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ሲነሳ የእናታቸውን የዐርባ ተዝካር ሳያወጡ ነው እትዬ ሸዋረገጥ ከአሰብ የወጡት። በኋላ የአሰብ መንገድ ተከፈተ ሲባል ሻንጣ ሸክፈው ነበር፤ ተዘጋ ሲባል መልሰው ፈቱት። ይህን ሁሉ በዚያን ቀን ነው የሰማሁት። በስንት ዓመት ብሽቀቴ አፈርኩ።

ዓርብ ዕለት ናርዲ፣ «እትዬ፣ ለከርሞ ረዳት ያስፈልገኛል። ጅቡቲ አብረን እንሂድ?» አለቻቸው።

«ከዚያ አሰብ ይታያል?»

«አይታይም።»

እትዬ ሸዋረገጥ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማምከኛው ውስጥ ደርድረው ዘጉት። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ወደ ናርዲ ዞሩ።

«ውሃው ግን አንድ ነው?»

«ውሃውማ አንድ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ እመጣለሁ» አሉ። «ዐርባዋን እዚያው አወጣለሁ።»