ፍሬን ፍጥነት ሲጨምር

ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኞቹ ናቸው። መንገድ ላይ ድመት ብትታየው እንኳ ገና ከሩቅ ፍጥነት ቀንሶ፣ ተሳፋሪውን ሳያንገጫግጭ ቀስ አድርጎ ስለሚያቆም «ፍሬን» አሉት፤ በዚያው ጸና። ሚስቱም ካልተናደደችበት በቀር በሌላ ስም አትጠራውም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሰው ገጭቶ አያውቅም። የሌላ መኪና ቀለም እንኳ ጭሮ አያውቅም።

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በየዓመቱ በሚደረገው የጤና ምርመራ ላይ የዓይን ሐኪሙ፣ «ፊት ለፊትዎን ደህና አድርገው ያያሉ፤ ከጎን የሚመጣውን ግን አያዩትም። ከእንግዲህ መሪ ባይጨብጡ ይሻላል» አለው። ፍሬን አልተከራከረም። ቁልፉን አስረከበ፤ ከሾፌር ወንበሩ ላይ የራሱን ትራስ አንስቶ በብብቱ ያዘና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት መዋል ግን አልሆነለትም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ በጨርቅና በስፌት መኪና የተሞላ የሷ መሥሪያ ነው። እሱ አጠገቧ ቆሞ «እዚህ ጋ ጠበበ፣ እዚያ ጋ ሰፋ» ማለት ሲያበዛባት አንድ ቀን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተሳፈር ወይ ውረድ! በር ላይ አትቁምብኝ» አለችው።

ይህን የሰማችው ያገባች ልጃቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ መፍትሔ ይዛ መጣች። ተማሪ ሳለች የሕንፃ ንድፍ ትሠራበት የነበረው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በድሮ ክፍሏ ተቀምጧል። እሱ ላይ የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጫነችለት፤ ጠረጴዛው ላይ የሚታሰር መሪና ከሥር የሚረገጥ ፔዳልም ገጠመችለት። «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር ከፊት ለፊትህ ነው» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ለሙከራ ብሎ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ቁርሱን በልቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ወደዚያች ክፍል ሥራ እንደሚገባ ሰው መግባት ጀመረ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሰውና መኪና የሚተራመስበት የገበያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ዘልሎ ይቀጥላል። አንድ ጠዋት ወደ ቀኝ እየታጠፈ ሳለ ምስሉ ቆመ። ሲመለስ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች ሴት ከጎማው ሥር ነበረች።

ፍሬን ክው አለ። ሶኬቱን ነቅሎ ወጣና ለቀናት ወደ ክፍሉ ድርሽ አላለም። ሚስቱ ነገሩ ቢከነክናት ጠየቀችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ሰው ገጨሁ።»

«የት?»

በአገጩ ወደ ልጃቸው ክፍል አመለከተ። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን ስታይ መልሳ ዋጠችው። «እንግዲያው መኪናውን አስጠግናዋ» አለችው።

ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ አንዲት ሴት የኮምፒውተር ጥገና ቤት አላት። ፍሬን ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሄደና የሆነውን ሁሉ፣ የካፖርቱን ቀለም ሳይቀር ነገራት። ጠጋኟ ክዳኑን ከፍታ ስትመረምር ቆየች።

«ሥዕሉን የሚያወጣው ካርድ ደህና ነው» አለች። «የሚጨነቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያለው እግረኛና መኪና ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላው እሱ ነው። ሲበዙበት ይዘገያል።»

«ሌላ ልግዛለት?»

«መጀመሪያ ይሄንኑ እንሞክረው። ልጅዎ ስትገዛ አውቃ ነው የገዛችው፤ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ የሚፈቀድለት ዓይነት ነው። ሁሉም እንደዚህ አይደለም። ኦቨርክሎክ ማድረግ ይሉታል።»

«ከተወሰነው ፍጥነት በላይ» ሲባል ፍሬን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «አደጋ የለውም?»

«በችኮላ ከሆነ አለው። ፍጥነት ሲጨመር ሙቀት ይጨምራል። የሚሰጠው ቮልቴጅ ከበዛ ደግሞ ይቃጠላል፤ ወይ እዚያው፣ ወይ ውሎ አድሮ። ዋስትና ካለውም ይቀርበታል።»

«አንቺው ሥሪልኛ፣ ልጄ።»

«ብሠራልዎትስ? ቁጭ ብሎ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ ጊዜ አለዎት።»

የመጨረሻዋ ቃል ቆነጠጠችው፤ ግን ውሸት አልነበረችም።

ፍጥነት ይማራል ተብሎ የመጀመሪያ ትምህርቱ አቧራ መጥረግ ሆነ። ማራገቢያውን አወጣች፤ ከሥሩ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት እንደ ረገፈ የግድግዳ ልስን ተሰነጣጥቋል። ጠርጎ እንዲያነሳው አደረገችና የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት በራሱ እጅ አስቀባችው። ከዚያ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተችለት። ፍሬን ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ፤ የሞተር ሙቀት ጠቋሚውን ያገኘ ያህል ነው። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ያለ የሌለ ኃይሉን የሚያሠራ የሙከራ ፕሮግራም አሳየችው። የሙቀቱ ቁጥር ማለፍ የሌለበትን ገደብም ነገረችው።

«በሉ ስሙኝ» አለችው። «ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ የሚባለው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ ይገባሉ። ፍጥነቱን የምትወስነውን ይቺን ማባዣ ቁጥር በአንድ ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። ቮልቴጁን አይነኩም። አስነስተው ይፈትኑታል፤ ሙቀቱን ያያሉ። ደህና ከሆነ ብቻ ሌላ አንድ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነኩ፣ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አያውቁም።»

እንዳለችው አደረገ። አንድ ጨመረ፣ ፈተነ፤ ሌላ ጨመረ፣ ፈተነ። መስቀለኛው መንገድ ትንሽ ተሻለው፤ መደንዘዙ ግን ጨርሶ አልለቀቀውም።

እንዲህ ባለበት የሚስቱ ወንድም መጣ። ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ይገባል። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ከፍሬን ትከሻ በላይ ሲያይ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምንድን ነው እንደ ዓይን ጠብታ አንዲት አንዲት? ሞተር ነው እኮ! ይሄ ቮልቴጅ የምትለው ነዳጁ አይደል? ጨምርለትና ልቀቀው!»

«ጠጋኟ አትንካ ብላኛለች።»

«እሷማ ገበያዋን አስባ ነዋ!»

ፍሬን ስንት ዘመን «ንዳው እንጂ!» የሚል ተሳፋሪ ከኋላው እየጮኸ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ያቺ ባለ ካፖርት ሴት በሐሳቡ መጣችበት መሰለኝ፣ ማባዣውን ብዙ ርቀት አስኬደው። ቮልቴጁንም ከፍ አደረገ። አስነሣው።

ማራገቢያው አጓራና ጸጥ አለ። እንደገና አጓራ፤ እንደገና ጸጥ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ውይ፣ ደንበኛ ቀጥሬ ረስቼው!» አለ የሚስቱ ወንድም። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ፍሬን ሶኬቱን ነቅሎ ቁጭ አለ። የልጁ የተማሪነት ንድፎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። መሪውን ሳይቀር ከጠረጴዛው ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሚስቱ የሻይ ብርጭቆውን ልታነሳ ገባች፤ ነገራት።

«ወንድሜን ሰማኸው?» አለች በመገረም። «በኤሌክትሪክ ነገር? የኮሪደራችንን አምፖል እለውጣለሁ ብሎ ሕንፃውን በሙሉ ያጨለመውን ሰው?» ከዚያ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት። «ተነስ፣ ሂድ። ቁጭ ብለህ ብታለቅስለት አይነሳም።»

ጠጋኟ ስትሰማው አልተቆጣችም። ክዳኑን ከፈተች፤ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ማዘርቦርድ ከሚሉት ዋና ሰሌዳ ላይ ፈልቅቃ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይያዟት። ያዘዙትን እስኪረሳ እንጠብቀው።»

ጠበቁ። ባትሪዋን መልሳ አስነሣችው። ስክሪኑ በራ፤ ፍጥነቱ ፋብሪካው ወደ ወሰነው ተመልሷል፤ የልጁ ንድፎች እንዳሉ ናቸው። ፍሬን ትንፋሹ መለስ አለለት።

«ጎድቼዋለሁ?»

«እንጃ። ብዙ ስላልቆየ የተረፈ ይመስለኛል። ቮልቴጅ ሲጎዳ አይታይም፤ ዕድሜውን ነው የሚበላው። ማን አስቸኮለዎት?»

«ማንም» አለ ፍሬን። «እኔው ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሀ ጀመረ። አንድ ከፍ ያደርጋል፤ የሙከራውን ፕሮግራም ለቆ ሚስቱ አጠገብ ቁልፍ ይተክላል፤ ክር ያስገባል፤ እየተነሣ ሙቀቱን ያያል። ሳምንታት ሄዱ። አንድ ቀን ሙቀቱ ገና ደህና ሳለ ሙከራው መሐል ላይ ስሕተት አለና ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። ይህ ነው እንግዲህ ድንበሩ። ጠጋኟ፣ ከዚህ በኋላ ቮልቴጁን እጅግ በጥቂቱ ማንሳት እንደሚቻል ነግራው ስለነበር አንድ ጊዜ፣ ከሁሉም ትንሿን ጭማሪ ሞከረ። ኮምፒውተሩ ጸና፤ ሙቀቱ ግን ሽቅብ ወጥቶ የተነገረው ገደብ አፋፍ ላይ ደረሰ።

እዚያ ላይ ብዙ አሰበ። ሊተወው ይችል ነበር፤ ይሠራል እኮ። ቮልቴጁን ወደ ቦታው መለሰ፤ ማባዣውንም ከድንበሩ አንድ ዝቅ አድርጎ እዚያው አቆመው።

ከዚያ መሪውን አስሮ ወደ ገበያው ነዳ። መስቀለኛው መንገድ ሰውና መኪና እንደሞላው ነው፤ ምስሉ ግን ውኃ ሆኖ ፈሰሰለት። ታጠፈ፤ ቆመ፤ እግረኛውን አሳለፈ፤ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደርሶ ሞተር አጠፋ። ደስ አለው። ደስታው ግን የጠበቀውን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ ይህ ራሱን ገረመው።

መንዳቱ እየሳሳ መጣ። ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ጨዋታውን ሳይሆን ሙቀት ማሳያውን ሆነ። የሚሞከር ነገር ሲያጣ ጥገና ቤቱ ሄዶ ይቀመጥ ጀመር። ጠጋኟ አንድ ጠዋት ሁለት የታደሱ ኮምፒውተሮች ፊቱ ደረደረችና፣ «እስቲ እነዚህን ይፈትኑልኝ፤ ለኔ ቁጭ ብሎ ማየቱ አይሆንልኝም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦታው እዚያው ነው፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከኋላው ትራሱን አድርጎ።

በቅርቡ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። ፍሬን ከስክሪኑ ዓይኑን ሳያነሳ «ገና ነው፤ ከሰዓት ይመለሱ» አለው። ሰውየው ሰዓቱን እያየ ወደ ጠጋኟ ዞረ።

«ይሠራል አይደል? ምን ያስጠብቃል?»

«እሳቸው ይለፍ ካላሉት አይወጣም» አለች ጠጋኟ፣ መበየጃዋን እንደያዘች።

ፎቶግራፍ አንሺው እያጉረመረመ ወጣ። ፍሬን የማራገቢያውን ድምፅ ጆሮውን ሰጥቶ እያዳመጠ ነበር።