ማኅተሜ የሸፈነው ፈቃድ

ይህ የሆነው አምና ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። ጉም በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በኛ አገር ደግሞ ክረምቱን ጉም የማይገባበት ቀን የለም፤ ስንቴ እንደሚመጣብኝ እናንተው ገምቱት።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ጋሽ ይመር ይሉኛል። በሌለሁበት ደግሞ "ቁልፉ" ነው የሚሉኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ ፍሬ ብቻ የሆኑትን መጻሕፍት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ተማሪ መታወቂያውን ያስይዛል፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ያነባል፣ ይመልሳል። ይዞ መውጣት የለም፤ ፎቶ ማንሳትም የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን እንደኔ የጠበቀው ሰው የለም። እውነቱን ልናገርና እኮራበትም ነበር።

ከነዚያ መጻሕፍት አንዱ የማይክሮባዮሎጂ ነው። ካመታት በፊት በካርቶን ታሽጎ ከመጣ ስጦታ ውስጥ የወጣ፣ ወፍራም፣ ተማሪ ሁሉ የሚሻማበት መጽሐፍ። ፈተና ሲደርስ ወረፋው አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ይሆናል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ጉሙ ተከትሎኝ የገባ መሰለኝ። መስኮቶቹ ሁሉ ነጭ ሆነዋል። ደጅ ያለው ባሕር ዛፍ የለም፤ መንገዱ የለም፤ የተማሪዎቹ መኝታ ሕንፃ የለም። ከዓለም የቀረነው እኛ ብቻ፣ እኔና መደርደሪያዎቹ፣ አንገታቸውን የደፉት ልጆችም፣ የሆንን ያህል ጸጥ ያለ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ነፍሴ ነው። ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ እልና በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ። በሕይወት የሌለችው እህቴ ትመጣለች፤ በልጅነታችን ጉም ውስጥ ተጠፋፍተን ስንጠራራ ድምፅዋ ይሰማኛል። ተኝቼ እንዳይመስላችሁ። ዓይኔ ክፍት ነው።

በዚህ መሐል "ቀጭ" የሚል ነገር ሰማሁ። ጆሮዬን ቀሰርኩ። "ቀጭ" አለ ደግሞ።

ሐያት ናት። የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ፣ የወግዲ ልጅ፣ ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ ጭምት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የማይክሮባዮሎጂውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስልኳ ታነሳለች። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት።

ቱግ አልኩ። "አንቺ! ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ነው እንዴ የመጣሽው?" ብዬ ጮህኩ። ያስያዘችኝን መታወቂያ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። "ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ እስክታመጪ አይመለስም!"

ተነሳች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ" አለች። "ሰኞ ድጋሚ ፈተና አለብኝ። ይቺን ከወደቅሁ መባረሬ ነው። ያለ መታወቂያ ደግሞ አያስገቡኝም። ወላሂ ሁለት ሰዓቷ አልበቃ ብላኝ ነው፤ ከኔ ኋላ ስድስት ልጅ ይጠብቃል።"

"ይሄን ቀድሞ ማሰብ ነበር" አልኳት። አይ እኔ! አሁን ሳስበው አፌን ይመረኛል።

በኛ ቤተ መጻሕፍት አንድ ልማድ አለ። ያጠፋ ተማሪ የጥፋት ቃሉን በገዛ እጁ ይጽፋል። ቃሉ ላይ የመጽሐፉ ርእስ፣ ደራሲውና አሳታሚው ከሁለተኛው ገጽ ላይ ይገለበጣል። ወረቀት ሰጠኋትና፣ "ከገጹ አንዲት ፊደል እንዳትቀር፣ እንዳለ ገልብጪ!" አልኳት። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ትጽፋለች፣ ቀና ትላለች፣ ገጹን ወደ ብርሃኑ ታነሳለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ሆን ብላ የምትንቀረፈፍብኝ መሰለኝ። ስድስቱ ልጆች አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ አመጣችልኝ።

"እኔ ሐያት፣ ከዚህ በታች የተጠቀሰውን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ፎቶ በማንሳት አጥፍቻለሁ" ይላል ጅማሬው። ከዚያ ርእሱ፣ ደራሲዎቹ። ከዚያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር። ቀስ ብዬ አነበብኩት። የደራሲዎቹን ስም እስከጠቀሰ ድረስ ይህን መጽሐፍ ማንም ሰው በነፃ ሊያባዛው፣ ሊያትመውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል ነው የሚለው። ከሥሩ የኢንተርኔት አድራሻ አለ።

"ይሄን ከራስሽ ነው የጨመርሽው" አልኳት።

"ያ ረቢ! እንዳለ ገልብጪ ስላሉኝ ነው እኮ ጋሼ። ማኅተሙ ሥር ነው ያለ። ወደ ብርሃን ሲይዙት ይታያል።"

መጽሐፉን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ገጹን ለብቻው አንስቼ ወደዚያ ነጭ ጉም አቀናሁት። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ማኅተም ነው፤ ሐምራዊ፣ እንዲደምቅ ብዬ ሁለቴ የመታሁት። "ንብረትነቱ የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ማባዛት ክልክል ነው" ይላል። ከዚያ ፊደሎቹ ከቀለሙ ሥር አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፣ ጉም ውስጥ ሰው ሲመጣ እንደሚታየው። ልጅቷ አልዋሸችም።

ክው አልኩ። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ውሰዱኝ" ይል ነበር። እኔ ነኝ አፉን የዘጋሁት። መጽሐፍ ጠባቂ እንጂ መች አንባቢ ሆኜ አውቃለሁ? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ነይ" አልኳት።

ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ሄድንና አድራሻውን ጻፍኩት። የኛ ኢንተርኔት በደህናውም ቀን ያነክሳል፤ ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ የሚተኛ ይመስል ነበር። የማውረጃዋ መስመር ትንሽ ትሞላለች፣ ትቆማለች። ሐያት ከኋላዬ ቆማ ዱዓዋን ታደርጋለች፤ እኔም ሳላውቀው "እመብርሃን፣ እመብርሃን" እላለሁ። ግማሽ ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ተያየን። መብራቱ ሲመለስ እንደገና "ሀ" ብለን ጀመርን።

ወረደ። መጽሐፉ ከነሥዕሉ ወረደ፤ የኛው ኅትመት ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይሄኛው ባለ ቀለም። በገመድ ወደ ስልኳ አሻገርኩላት። መታወቂያዋንም ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋት። "አፉ ልባል የሚገባኝ እኔ ነኝ ልጄ" አልኳት። አንገቷን ደፋች። "አብሽር ጋሼ" አለችኝ፤ እኔን ታጽናናኛለች እንግዲህ!

ስትወጣ ለስድስቱም ልጆች ከስልኳ አካፈለቻቸው። ኢንተርኔትም አላስፈለጋቸው። የወረፋው ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። መጽሐፉን መሳቢያው ውስጥ መልሼ ቁልፉን ሳዞር፣ ምኑን ነው የምቆልፈው? አልኩ ለራሴ።

ከሰዓት በኋላ መሳቢያውን ገልብጬ የሁሉንም ሁለተኛ ገጽ አነበብኩ። ብዙዎቹ በእርግጥም ማባዛት ይከለክላሉ። ግን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ ለኬሚስትሪውም ለጄኔቲክሱም አቻ የሚሆን፣ መምህራን ለማንም ተማሪ ብለው በነፃ የለቀቁት መጽሐፍ አገኘሁ። የመጻሕፍቱን ስም፣ "በነፃ ውሰዱ" ከሚል ጋር፣ በእጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ወጥመድ መስሏቸው ዞር ዞር እያሉ ያልፉ ነበር። "ቁልፉ" መጽሐፍ በነፃ ውሰዱ ሲል ማን ያምናል? ቆይቶ ግን ፍላሽና ስልክ ይዘው ይመጡልኝ ጀመር። አሁን መጽሐፉን ብቻ አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው እንዴት እንደሚፈልጉ አሳያቸዋለሁ፣ ፈቃዱን የያዘውን ገጽም ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደርጋለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሐያት የተመለሰችው በጥቅምት፣ ትምህርት ሲከፈት ነው። ማለዳ ከጉሙ ውስጥ "ጋሽ ይመር!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ጠሪዋ ገና አትታይም። ደንግጬ ቆምኩ። ቀርባ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ!" አለችኝ። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁም። ቀጥላ፣ "ያቺን የጥፋት ቃሌን ግን ይቅደዱልኝ" አለች፣ አፍራ።

"አልቀድም" ብዬ ፋይሉን አወጣሁላት። "እኔ ሐያት" የሚለውን ሰርዤ፣ በላዩ "እኔ ይመር" ብዬ ጽፌበታለሁ። ፊርማዬም አለበት። አንብባ እስክትጨርስ ስቃ ስቃ ሞተች።

እኔ ግን ሙሉ በሙሉ መሳቅ አልቻልኩም። እዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከእሷ ወረቀት ሥር፣ በዚያው መጽሐፍ ምክንያት ያስፈረምኳቸው የሌሎች አራት ልጆች ቃል አለ። ሁለቱን ግቢ ውስጥ አያቸዋለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱ ግን ከተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ወጥተዋል። በኔ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም።

ለዚህ ነው ጉም ሲገባ ልቤ የሚሸፍተው። በሩ ላይ እቆማለሁ። ቦርሳ ያዘለ ልጅ ከነጩ ውስጥ ብቅ ሲል፣ ከነሱ አንዱ ይሆን እላለሁ። እስኪቀርብ ድረስ፣ መጽሐፉ ያለበትን ፍላሽ ከኪሴ አውጥቼ እጄ ላይ እይዛለሁ።