የሚሸተው ውሃ

ልጅ እያለሁ ቦንጋ ያለው የግቢያችን ቧንቧ ሁለት ጠባይ ነበረው። አንዳንድ ቀን ሲከፈት አሁን እንደታጠበ የክሊኒክ ወለል ይሸታል፤ ሌላ ቀን ምንም ሳይሸት ኩልል ብሎ ይወርዳል። እናቴ ጎንበስ ብላ አሽትታ ፍርድ ትሰጣለች። «ዛሬ መድኃኒት ጨምረውበታል፤ ማንም እንዳይጠጣ!» ያን ቀን የቧንቧው ውሃ ለልብስና ለእግር ይሆናል። እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት ጀሪካን ይዘን ከቁልቁለቱ ሥር ወዳለው ምንጭ እንወርዳለን።

ምንጩ ከጫካው ጥላ ሥር ስለሚወጣ በበጋም ጥርስ ያደነዝዛል። ቅጠልና እርጥብ አፈር ይሸታል። በደረታችን ተኝተን ስንጠጣ አፍንጫችን ውሃው ውስጥ እየገባ ሳቅ ያንቀን ነበር። ከበላዩ ከብት ሲያልፍ እናያለን፤ ግን ውሃው ጥርት ያለ ስለነበር ስለ ከብቶቹ ያሰበ አልነበረም።

ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በዚህ ልማዳችን ይስቁብን ነበር።

«እኔስ የሚሸተውን ነው የምጠጣው።»

«መድኃኒት የታመመ ሰው ይጠጣ። ጤነኛ ልጅ ምን ዕዳው ነው?» ትላለች እናቴ።

«ቆይ፣ ሆዱን ሲቆርጠው ትነግሪኛለሽ።»

«ኧረ እትዬ፣ አያሟርቱብኝ!»

አንድ ክረምት ምሕረት በትኩሳት ወደቀች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ታይፎይድ ነው ተባለ። ነርሷ የምንጠጣውን ውሃ ስትጠይቅ እናቴ ኮራ ብላ፣ «ንጹሑን ነዋ! መድኃኒት የሚሸተውን አፋችን አናስጠጋም» አለች።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ የሚሸተው እኮ ነው የሚጠጣው! ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው።»

ቤት እንደደረስን ምሕረት ውሃ ጠየቀች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቴ ቧንቧውን ከፈተች፤ አይሸትም። የምንጩን ጀሪካን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ልጇ ውሃ፣ ውሃ ስትል እናቴ ባዶ ኩባያ ይዛ ቆማ ቀረች። እትዬ ዘይነባ ናቸው በበራድ አፍልተው ያቀዘቀዙትን ይዘው የደረሱት። ጭስ ጭስ ይላል። ምሕረት ፊቷን እያጨማደደች ጠጣችው።

ዳነች። እኛም የሚሸተውን መጠጣት ጀመርን፤ ነገሩ የተፈታ መሰለን። ብዙም ሳይቆይ ግን ከሚሸተው ሌላ ጠጥቶ የማያውቀው የእትዬ ዘይነባ ልጅ በዚያው በሽታ ተኛ። አንዱ መስመሩ ፈንድቶ ጎርፍ ይገባበታል አለ፤ ሌላው መድኃኒቱ አንሶ ነው አለ። እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ «እንግዲህ የቱን እንመን?» አሉ። እናቴ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

አሁን ለሥራ ሺሺንዳ ስወርድ ምግብ ቤት ገብቼ፣ «ውሃው ይጠጣል?» እላለሁ። አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች ታየኝና፣ «እኛ እንጠጣዋለን» ትላለች። አዎ ማለቷ ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያኔ ጥርት ያለ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ዛሬ የጠራውም፣ የሚሸተውም፣ የታሸገውም ያጠራጥረኛል። ስህተት እንደነበረ እያወቅሁ፣ ያ ሳልጠራጠር የጠጣሁት ይናፍቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ምሕረት ዋጫ ካለው ቤቷ ደወለችልኝ። በቅርቡ ጡት ያስጣለችው ልጇ ውሃ ፈልጎ ሲያለቅስ በስልኩ ይሰማኛል።

«ቧንቧው ዛሬ ምንም አይሸትም። ልስጠው?»

«አፍይው።»

«አፍልቼዋለሁ እኮ! አፍልቼውም ፈራሁ።»

ያፈላችው ውሃ ኩባያ ውስጥ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶው ቆመ፤ እየጠጣ ነበር።