ሁለት ቤት የነበረው ፊደል

ቅጭል! ትል ነበር ያች የጽሕፈት መኪና፣ መስመሩ ሊያልቅ አምስት ስድስት ፊደል ሲቀረው። ፍቅርአዲስ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ደወሏን ስትሰማ ግራ እጇን ሰዳ ጋሪውን ትመልሳለች፤ ትር ትር ትር፣ እንደገና ቅጭል። የጥብጣቡ ቀለም ሽታ ከቀሚሷ አይለቅም ነበር። በዚያ መኪና የተመታ ፊደል ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይላል። ቢሳሳቱም ስሕተቱ ፊት ለፊት ነው፤ ተደብቆ ቆይቶ ሰው አያዋርድም።

ዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የሰው ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። እነሆ ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ወንበሯ እሳት ሆኖባታል። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። በሩን ገርበብ አድርጋ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች። በደጀን በኩል የመጣ አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ መተየቧን ታቆማለች፤ የዲማ ሰው የሚመጣው በዚያ በኩል ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የኔታ ቢተው የሚባሉ የዲማ የቅኔ መምህር አራት ጥራዝ ተሸክመው መጡና፣ «ልጄ፣ ይህን ከማሽኑ አስገቢልኝ። ምስጥ የማይበላው አድርጊው» አሏት። ከእርሳቸው በፊት የነበሩ መምህራን ታሪክ በአማርኛ፣ የተቀኙት ቅኔ ደግሞ በግዕዝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተየበችው። ኋላም ኮምፒዩተሯ ሲያረጅ በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። የኔታ ፍላሹን ከዳዊታቸው ማኅደር ከተው በአንገታቸው አንጠለጠሉት። ጥራዞቹን እውነትም ምስጥ በላቸው። ኮምፒዩተሩን ቁራሌው ወሰደው። አምና በኅዳር የኔታም ዐረፉ።

በወንበራቸው የተተኩት ደቀ መዝሙራቸው መሪጌታ አማረ ፍላሹን ይዘው የመጡት ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

«ለሙት ዓመታቸው ታትሞ ለተማሪው ሊታደል ነው» አሏት። «ሌላ የለንም፤ ያለን ይኸው ነው።» ፍላሹን የሰጧት በሁለት እጃቸው ነበር።

ስትከፍተው የፈረንጅ ፊደል ከነምልክቱ ተደበላልቆ ወጣ። አልደነገጠችም፤ ምሥጢሩን ታውቀዋለች። ኮምፒዩተር ሀሁ አልቆጠረም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ሰው «ለ»ን ሲመታ እሱ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል። አሳየኝ ሲሉት ያንን ቁጥር ይዞ ወደ ፊደል መዝገብ ይሄድና የ«ለ»ን መልክ ይዞ ይመጣል። ዛሬ እያንዳንዱ ፊደላችን በዓለም ሁሉ የታወቀ፣ ከማንም የማይጋጭ የራሱ ቁጥር አለው፤ ዩኒኮድ ይሉታል። ድሮ ግን መዝገቡ በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ነበርና ከሁለት መቶ ብዙም የማያልፍ ቦታ ነበረው። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው መች ይበቃዋል! ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ፊደሉን በሁለት ቤት አሳደሩት። ያው አንዱ ቁጥር በፊተኛው ቤት «መ» ቢሆን፣ በኋለኛው ቤት «ጠ» ይሆናል። የትኛው ከየትኛው ቤት እንደመጣ ጽሑፉ ራሱ በየፊደሉ ይዞ ይዞራል። ሁለቱ ቤት ባልተጫነበት ማሽን ግን ቁጥሩ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይወጣል።

ይህን ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ ተምራዋለች። ያጠፋችው እያወቀች ነው፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

መሪጌታ ፍላሹን ሰጥተዋት በሄዱበት ቀን ሁለት ውል አስጻፊዎች በሯ ላይ ቆመው «ኧረ ፀሐዩ ፈጀን!» ይላሉ። ከድሮ ሲዲዋ የፊተኛውን ቤት ጫነች። ሲዲው ተጭሯልና የኋለኛውን አልሰጥም አላት። «እስቲ ይሁን» አለችና ጽሑፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ መርጣ በፊተኛው ቤት አደረገችው። የአማርኛ ፊደል ገጹን ሞላው! «ተመስገን» ብላ እዚያው ፍላሹ ላይ፣ በነባሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ዘግታም ወደ ውሉ ዞረች።

ከምሳ በኋላ ስታየው ከሦስት ቃል አንዱ ቃል አይደለም። የሁለቱ ቤት ልጆች አንድ ቤት ገብተዋል፤ ማን የማን እንደነበረ የሚናገር የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ፍቅርአዲስ ግን አፍሳ ቀላቀለች።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ማበጠር ሆነ። አማርኛውስ ደግ ነው፤ «የመፉ በጎች» የሚለውን «የጠፉ በጎች» ብሎ ማቅናት ሕፃንም አያቅተው። ግዕዙ ግን ሌላ ነው። እሷ ከቅዳሴ ያለፈ ግዕዝ አታውቅም። አርባ አንድ ቅኔ፣ በየቅኔው አራት አምስት ቦታ፣ ወይ ይኸኛው ነው ወይ ያኛው። መሪጌታ ስልክ ሲደውሉ «እየሄደ ነው» ትላለች። እየሄደ ነውም፤ ለጆሮ የጣመውን እየሞላች ሠላሳ ቅኔ ጨርሳለች። ቃሉ ሙሉ ነው፣ መስመሩ ያምራል። የየኔታ ይሁን የእሷ ግን እንጃ።

ዓርብ ዕለት መቀመጥ ቢያቅታት ሳሙና ልትገዛ ወጣች። ባለሱቋ ሔዋን ብርሃን የምትተፋ መሣሪያዋን በሳሙናው ጥቁር መስመሮች ላይ ብታሳርፍ ስምም ዋጋም አልመጣም።

«ምነው?»

«አላወቀውም፣ እታለም።»

«መስመሩ አለበት አይደል እንዴ?»

«መስመሩማ አለ። ወፍራምና ቀጭኑ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩንም አንብቦታል፣ ይኸው። የምን ቁጥር እንደሆነ ግን ሳሙናው አይናገርም፤ እሱ የሚጻፈው እዚህ እኔ መዝገብ ላይ ነው። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ገና አላስገባሁትም።»

ፍቅርአዲስ ሳሙናውን አገላብጣ አየችው። ቁጥር አለ፣ የሚፈታው መዝገብ የለም። የእሷም ጉድ ይኸው አይደል!

«ግድ የለም» አለች ሔዋን፣ «በዚያኛው ሳሙና ቁጥር ልምታልሽ። ዋጋቸው አንድ ነው፤ ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ!» ድምጿ ከራሷ ቁጥጥር ውጭ ወጣ። ዘይት የሚመርጡ ሴቶች ዘወር ብለው አዩአት።

«ውይ እታለም! ሳሙና እኮ ነው፤ የታቦት ስርቆት አስመሰልሽው!»

ሳሙናውን ትታ ወጣች። ክፍሏ ገብታ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ የመጀመሪያውን ቅኔ ከፈተች፤ በግምት የሞላችውን ፊደል ሰረዘችና በምትኩ ባዶ ሳጥን አኖረች። ቀጥሎም ሁለተኛውን። እስከ ቅዳሜ ከሰዓት ሠላሳውን ሁሉ አፈረሰች፤ የቀሩትን ዐሥራ አንዱንም በሳጥን አደረገች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ መሪጌታ አማረ ከች አሉ።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ? ደረሰ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ፣ መሪጌታ።»

የታተመውን ወረቀት ሰጠቻቸው። እሷ አልተቀመጠችም። መሪጌታ አማርኛውን እያነበቡ ፊታቸው ፈካ። «ይኸ የየኔታ ቃል ነው! ‹እንቅልፍ የወደደን ቅኔ አይወደውም› ይሉን ነበር፣ ስንሰንፍ።» ሳቁ። ገለጡ፣ ገለጡና ከቅኔው ደረሱ።

«ይኸ ሳጥን ምንድን ነው? ማኅተም ነው?»

ነገረቻቸው። ሁለቱን ቤት፣ ሲዲውን፣ ችኮላዋን፣ በስልክ የዋሸቻቸውንም። ቢያቋርጧት ይሻላት ነበር፤ አላቋረጧትም።

«ስንት ነው ሳጥኑ?»

«መቶ ሰባ ሦስት።»

«ፍላሹ ላይ ያለውስ?»

«እሱም ያው ነው። ጥፋቱ እሱ ላይ ነው።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ምስጡ ይሻል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ምስጥ እንኳ ከዳር ነው የሚጀምር።»

ከሳጥኖቹ በአንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ሞልተሽ ብትሰጪኝ እኮ አላውቅብሽም ነበር። ግማሹን በልጅነቴ አንድ ጊዜ ሰምቼ የረሳሁት ነው።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው፣ መሪጌታ። እርስዎ ያስተምሩታል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ የእኔ ግምት የየኔታ ሆኖ ይቀራል።»

መሪጌታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ የቀኝ ጣታቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመረ። ዐይናቸውን ጨፍነው አንዱን ቅኔ ከመነሻው አዜሙት፤ ከሳጥኑ ሲደርሱ ሳይደናቀፉ አለፉ።

«ያዝሽው?»

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት፣ ሞላችው። ሁለተኛውን አዜሙ፣ እሱንም ሞላች። ሦስተኛው ላይ መንገዱ ተቆረጠ። ተመለሱ፣ እንደገና ጀመሩ፣ እዚያው ላይ ቆሙ። ብድግ ብለው በክፍሏ ውስጥ ተንጎራደዱ። ከየኔታ እግር ሥር አብሯቸው የተማረ ሙሉሰው የሚባል ሰው አማኑኤል ከተማ እህል እንደሚነግድ ቀደም ብለው ነግረዋታል።

«ማሰሪያውን፣ የቅኔውን መዝጊያ…» አሉ ለራሳቸው፣ «ማሰሪያውን ሙሉሰው ነው የተቀበለ፤ እኔ ያን ቀን ቁራሽ ልለምን ወጥቼ ነበር።»

«መሪጌታ፣ እኔን ይቅር —»

እጃቸውን አነሡ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። የያዙት ግማሽ መስመር ከአፋቸው እንዳይበተን ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቶቹን ሰብስበው ጋቢያቸው ሥር ከተቱና፣ ደህና ሁኝም እግዜር ይስጥልኝም ሳይሏት፣ እያጉረመረሙ ወደ አማኑኤል አውቶቡስ ወጡ።