አርባ አምስት ጊዜ ተናኜ

ጋሽ ዳምጤን የማውቃቸው እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ማታሎን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው የሸክላ ማተሚያ ነው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተናል። በዚህ ዘመን ማን ሸክላ ያዳምጣል እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ ብዬ ነበር። የኛ ደንበኞች ሸክላውን የሚፈልጉት ከጆሮ ይልቅ ለዓይን ነው። ዙሪያውን አርባ አምስት ሥዕሎች ይታተሙበታል፤ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው በጥቂቱ ብቻ ይለያል። ሸክላው ሲዞር በባዶ ዓይን ካያችሁት ዝብርቅርቅ ያለ ቀለም ነው። በሰከንድ ሃያ አምስት ጊዜ በሚያነሳ የስልክ ካሜራ ካያችሁት ግን ፈረሱ ይጋልባል፣ ወፏ ትበራለች። ዞኢትሮፕ ይሉታል። ሙዚቃውን የሚሰማ የለም፤ ሁሉም ስልኩን ደቅኖ ይቆማል። እኔን ያናድደኛል።

ጋሽ ዳምጤን አያናድዳቸውም ነበር። የሳቸው ሥራ ሙከራው ነው፤ ሥዕሎቹን ከወረቀት ቆርጠው፣ ክብ ካርቶን ላይ በተራ ለጥፈው፣ በማጫወቻው ላይ አዙረው ያያሉ። አንዷ ሥዕል ትንሽ ብትዛነፍ ነቅለው እንደገና ይለጥፋሉ። እኔ “ኧረ ይበቃል!” እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

ባለቤታቸው ተናኜ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ነበር የምትሠራው። ሳቂታ ነበረች፤ ግን ገና ሳቋ ሳይመጣ ቀኝ እጇ አፏ ላይ ነው። አምና ከሐኑካ በዓል በኋላ በካንሰር ሞተችብን።

የእጇን ነገር ጋሽ ዳምጤ የነገሩኝ ከቀብሯ በኋላ ነው። እዚህ አገር በገቡበት ዓመት ለመታወቂያ ፎቶ ተሰልፈው ነበር። የተናኜ የፊት ጥርስ አንዱ ወልቋል። ፎቶ አንሺው አንድ ነገር ብሎ ቢያስቃት፣ ጋሽ ዳምጤ “አንቺ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ይገባል!” አሏት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ አፏን ሸፈነች። ኋላ ጥርሱን አስተከለች፤ እጇ ግን አልተወም። ሠላሳ ዓመት!

“ለጨዋታ ነበር እኮ፣ ቀለሙ” አሉኝ፣ በስሜ ጠርተው። እኔም በምላሴ ያቆሰልኩት ሰው አለኝ።

ተዝካሯ ሲቃረብ ልጃቸው ሆዳያ የእናቷን ፎቶ ማገላበጥ ጀመረች። ሳቅ ባለበት ሁሉ እጅ አለ፤ እጅ በሌለበት ደግሞ ፊቷ ኮስተር ያለ ነው። በመጨረሻ በአንድ ዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ተገኘ፤ ተናኜ ከነጥርሷ ትስቃለች፣ ካሜራውን ታያለች፣ እጇ ይነሣና አፏን ይሸፍናል። ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሆዳያ ብትቆጥረው አርባ አምስት ሥዕል ወጣው፤ ልክ የአንድ ሸክላ ዙር። ጋሽ ዳምጤ ይህን ሲሰሙ “ሌላ ሰው እንዳይነካው” አሉ። ዘመድ በተሰበሰበበት የሚስታቸውን ሳቅ ሊያሳዩ ነው። ከዚያ ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም።

ሆዳያ ሥዕሎቹን በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ደርድራ አትማ ሰጠቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ቆረጡ፣ ከጀርባቸው ቁጥር ጻፉ፣ ለጠፉ። ሐሙስ ቀን ሆዳያ መጥታ ስልኳን ከማጫወቻው በላይ ደገነች።

ካርቶኑ ዞረ። ስልኩ ላይ ተናኜ መጣች። እጇ አፏ ላይ ነው። ቀስ እያለ ወረደ። ጥርሷ ታየ፣ ዓይኖቿ ጠበቡ፣ ሳቀች። ደግሞ ከመጀመሪያው፤ እጇ ወረደ፣ ሳቀች።

“አባ፣ ዜ ሃፉክ!” አለች ሆዳያ። “ተገልብጧል እኮ። ሳቁ ነው መቅደም ያለበት። ከየት ጀምረህ ነው የቆጠርከው?”

“ከግራ ነዋ! ከየት ሊጀመር ነው?”

ገባኝ። ልጅቷ የተማረችው ከቀኝ በሚጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ ሥዕሎቹንም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የደረደረቻቸው። አባቷ ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ነው፤ ከግራ ይጀምራሉ። እኛ ዘንድ በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

“ያላ፣ እንዲሁ ይሁን” አልኩ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ። “ማን ያውቃል?”

“በሰደር አባ፣ ይሁን” አለች ሆዳያም። “እንዲህም ያምራል።”

ጋሽ ዳምጤ ማጫወቻውን አጠፉት።

“አላወረደችውም” አሉ። “በሕይወት እያለች አንድ ቀን አላወረደችልኝም። ዛሬ ከሞተች በኋላ በውሸት ላስወርዳት? ሌላ አትሚልኝ።”

ሁለተኛውን ከቀኝ ጀምረው ለጠፉት። በተዝካሩ ዕለት ዘመዱ ሁሉ በየተራ በስልኩ አየ። ተናኜ ሳቀች፣ እጇን አነሣች፣ ሸፈነች። እንደገና ሳቀች፣ እንደገና ሸፈነች።

“አይ ተናኜ፣ ዓይን አፋር ነበረች እኮ” አሉ ሴቶቹ።

ጋሽ ዳምጤ ብድግ አሉ። “ዓይን አፋር አልነበረችም። እኔ ነኝ ያሳፈርኳት” አሉና የዚያን የፎቶ ሰልፍ ነገር፣ ያሏትንም ቃል፣ አንድ ሳያስቀሩ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ያን ጊዜ የሳቁት ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠው ነበር። አቀረቀሩ።

የተሳሳተው ካርቶን እኛ ማተሚያ ቤት ቀርቷል። ባለፈው ሰኞ ከምሳ ስመለስ ጋሽ ዳምጤ ማጫወቻው ላይ አድርገው እያዞሩት ደረስኩ። ስልክ አልያዙም። በባዶ ዓይን የሚታየው ነጭና ቡናማ ቀለም ሲሽከረከር ብቻ ነው። የነጠላዋና የፊቷ ቀለም።

“ስልኬን ልስጥዎት?” አልኳቸው።

“ተወው፣ ቀለሙ” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። “እጇን ስታወርድ በስልክ ካየኋት አምናታለሁ።”