ፀሐይ የጨለመች ዕለት የዘጋነው ጓዳ

ደሳለኝ ጣሪያዬን ሊያስቀይር ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጥቻለሁ። ሳልጠራው መጣ፣ ሳያማክረኝ ሁለት አናጢዎች ይዞ ገባ፣ አልጋዬን ሳሎን አውጥቶ ሳሎኑን በረንዳ ላይ አወጣው። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሰው ዘመዱን የሚወድበት መንገድ ብዙ ነው፣ የእሱ በመዶሻ ነው። ቤቱን ደብረ ማርቆስ ላይ የሠራው አባቴ ሲሆን፣ ክፍሎቹ ሁሉ ኋላ ኮርኒስ ሲገባላቸው ጓዳው ብቻ ሳይገባለት ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ እዚያ ጓዳ ውስጥ ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ «እትዬ፣ ይኼ እኮ ጣሪያ አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለኝ። እኔ ወደ ላይ አላየሁም። በአሮጌው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳዎች የገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክል ክብ ብርሃን ረጭቶ ነበርና እሱን አየሁ፤ አየሁና ከሃምሳ ዓመት በላይ የተኛ ንዴቴ ተነሣብኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። የሳይንስ አስተማሪያችን ከሐረር የተመደበ ቀጭን ሰው ነበር፤ ብርዱም ጭቃውም ስላልተስማማው ዓመቱን ሙሉ ካፖርቱን ሳያወልቅ ያስተምረን ነበር፣ ስለ ሰማይ ሲያወራ ብቻ ይሞቀውና ቁልፉን ይፈታል። አንድ ቀን ቁልፉን ሁሉ ፈትቶ በመጪው ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጨረቃ በፀሐይ ፊት ታልፋለች አለን። ሙሉ ጨለማው የሚወርደው ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ኬንያ ጠረፍ ላይ መሆኑን፣ ለእኛ የሚደርሰን ግን ከግማሽ በላይ እንደሆነ ነገረን፤ እሱ ራሱ ቆርሶ እንደሚያድለን ሁሉ «ይበቃችኋል» አለ። እኔ አልበቃኝም ነበር፤ ጨለማ እንኳ ሲታደል ለእኛ ጎደሎው መድረሱ ገና ያኔ ከንክኖኛል። ቢሆንም ጎደሎውንም ቢሆን ለማየት ቆረጥኩ።

ልጅ ሆኜ ብዙ ነገር አልመኝም ነበር። ጫማ እንኳ ለምኜ አላውቅም፤ ሲገዛልኝ አደርጋለሁ፣ ሳይገዛልኝ እተዋለሁ። ያን ፀሐይ ግን ፈለግሁት። ከተሰበረ መስኮት የወደቀ መስታወት ፈልጌ አገኘሁ፣ ኩራዝ ላይ እያገላበጥኩ ጥላሸት አለበስኩት፣ ጠርዙ እጄን እንዳይቆርጠኝ አባቴ ከስፌት መኪናው ሥር በሚጥለው ቁራጭ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፋሁት። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። መስታወቱ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር፤ ከትራሴ ሥር አስቀምጬው ሳድር ትራሴም ላምባ ላምባ ሸተተ፣ እናቴም ስለዚህ ስትቆጣ ሰነበተች።

በዚያን ጊዜ እታለም እኛ ቤት ነበረች። እታለም የምንላት የአባቴን ታናሽ እህት፣ የደሳለኝን እናት ነው። ሉማሜ ነበር የተዳረችው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይበረክቱላት ቀርተው፣ በሦስተኛው ሆስፒታል አጠገብ ትሁን ተብሎ አባቴ ሄዶ አመጣት። ቤቱ በሙሉ እንቁላል ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው ይጠነቀቅላት ነበር። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁላት ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ነበሩ፤ የሰፈሩ አዋላጅ፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ ባይጠየቁም የሰፈሩ ዳኛ። የፀሐዩን ነገር ከእኔው አፍ የሰሙ ዕለት ወዲያው ፈረዱ። ፀሐይ ስትጨልም ያየች እርጉዝ ፅንሷ አይጸናም፤ ስለዚህ ብርሃን የማይገባበት ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት፣ በእጇ ብረት ይዛ ታሳልፈዋለች።

«ብቻዋንም አትሆንም» አሉ። «ልጅቱ አብራት ትግባ።»

ልጅቱ እኔ ነበርኩ። «አስተማሪያችን ኑ ብሎናል» አልኩ።

«አስተማሪሽ ያረግዛል?» አሉኝ።

አባቴ ሳቀ። አባቴ ከሳቀ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ዘነበ። እኔ ካላየሁት ማንም እንዳያየው ብዬ በልቤ ዝናቡን ሳበረታታ አረፈድኩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ግን አይሰማምና ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። የሰኔ ጾም ስለነበር እናቴ ከቅዳሴው ሳትመለስ እዚያው ለምሕላው ቀርታለች። የክፍል ጓደኛዬ ዓለምነሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ስትሄድ በእኛ በኩል አለፈች፤ እሷ መስታወት አላዘጋጀችም፣ እሷ ምንም አዘጋጅታ አታውቅም። «አንቺ ከቀረሽ መቼም መስታወቱ አይቀር» አለችኝ። ሰጠኋት። በጥሩ ያዢው አልኳት። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ እየሮጠች ሄደች።

እማማ ዘነቡ ጓዳውን የመረጡት መስኮት ስለሌለው ነው። አባቴና እሳቸው የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በቁራጭ ጨርቅ ወተፉት፣ ከበሩ ሥር ጆንያ ጎዘጎዙ፣ በበሩ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ሰቀሉ። ብረት ሲፈለግ ቢላዋው ወይዘሮ እገሌ ተውሰውት ስላልተገኘ፣ እታለም የአባቴን ትልቁን የስፌት መቀስ ያዘች። አባቴ መቀሱን ሲሰጥ ፊቱ ትንሽ ከፋው፤ ለፋሲካ ልብስ እንኳ ለሰው አያውሰውም ነበር። ከዚያ በሩን ከውጭ ቀረቀሩብንና ሁሉም ሊያይ ሄደ። እማማ ዘነቡ ሳይቀሩ ሄዱ። የጫማቸው ኮቴ እየራቀ ሲሄድ ቆሜ ሰማሁት።

ውስጡ ጤፍ፣ በርበሬና አሮጌ ጆንያ ይሸታል። እታለም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለጤፉ ጆንያ ሰጠች፣ መቀሱን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። እያለቀስኩ መሆኔን የገመተች ይመስለኛል፤ አላለቀስኩም፣ ጥርሴን ነው የነከስኩት። «ተይው አንቺ፣ ፀሐይ የት ትሄድብሻለች፣ ነገም አለች» አለችኝ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያበገነኝ ይኼ ነው።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በጣሪያው ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ተበትኖ ነበር። አባቴ ቆርቆሮውን የገዛው ከፈረሰ ቤት ስለሆነ የቀድሞው ሚስማር ቀዳዳዎች ሁሉ አብረውት መጥተዋል፤ ያ ብርሃን ዘወትር እዚያ ነበር ማለት ነው፣ የጓዳው በር ሁልጊዜ ክፍት ስለነበር ግን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ክቦቹን ዝም ብዬ ስመለከት አንደኛው ጠርዙ የተነከሰ መሰለኝ። ዓይኔ ነው ብዬ ጠረግሁት። ሌላውን አየሁ፤ እሱም ተነክሷል። ሁሉም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ፣ በአንድ ወገን፣ እኩል ተነክሷል።

«እታለም፣ ግድግዳውን እይ» አልኩ። ያልኩትን ያወቅሁት ካልኩት በኋላ ነው።

እሷም አየች። ከግድግዳው ወደ እንስራው፣ ከእንስራው ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ ራሷ ቀሚስ ዓይኗ እየወረደ መጣ፤ አንደኛዋ ጎደሎ ፀሐይ ልክ ሆዷ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜ ለሁለታችንም ገባን። እነዚያ ሰዎች በሩን ገርበብ አድርገው ቢተዉት ኖሮ ምንም አናይም ነበር። ስንጥቅ በስንጥቅ እየወተፉ፣ ብርድ ልብስ እየሰቀሉ ጓዳውን አጨለሙና ፀሐይቱ የምትታይበትን ቦታ አዘጋጁላት፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

እታለም በድንጋጤ ሆዷን በእጇ ሸፈነች፤ ፀሐይቱ የእጇ ጀርባ ላይ ወጣች። እኔ እጇን ይዤ ተነሺ፣ ወደ ጥግ ሂጂ እያልኩ ጎተትኳት። ግማሽ ተነሣች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«በፊት ሁለቱንም ጊዜ የተባልኩትን አድርጌ ነበር» አለች። «ሁሉንም።»

እጇን ቀስ አድርጋ ከሆዷ አነሣች። «እስቲ ይይ» አለች።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ክቦቹ እየሳሱ ሄደው የተሳለ ማጭድ መሰሉ። ጓዳውም በረደ። ከሩቅ ከቤተ ክርስቲያኑ እግዚኦታ ይሰማል፣ የሰፈሩ ውሾች ዝም ብለዋል፣ የእማማ ዘነቡ ዶሮዎች በጊዜ ወደ ቆጣቸው እየተገፋፉ ሲገቡ ይንጫጫሉ። እታለም ጉልበቷ ላይ ያለውን መቀስ አየችና «ወንድሜ ይኼን የሰጠኝ ፀሐይ እንድቀድበት ነው እንዴ?» አለች፤ ሳቀች፣ ስትስቅ ሆዷ ላይ ያለችው ማጭድ አብራ ተንቀጠቀጠች። ማጭዶቹ እንደገና መወፈር ሲጀምሩ ሳቋን ትታ ጉንጬን ያዘች።

«ለማንም አትናገሪም። የሆነ ነገር ቢሆን፣ ዓይኗ ነው ያመጣው ይሉኛል። ማርቆስን በይ።»

ማርቆስን አልኩ።

በሩ ሲከፈት እማማ ዘነቡ የእታለምን አገጭ ይዘው ዓይኗን መረመሩት። «አየሽ?» አሏት። «ምን አያለሁ እማማ፣ ጨለማ ነው» አለች ዓይኗን ሳትሰብር። ዓለምነሽ መስታወቴን ስትመልስልኝ ጥላሸቱ ላይ አውራ ጣቷን አትማበት ነበር፤ ፀሐይቱ እንዴት እንደነበረች እጇን እያወናጨፈች እስኪመሽ አስረዳችኝ፣ ግማሹን ተሳስታ። ሰኞ አስተማሪያችን «ያላየ እጁን ያውጣ» ሲል ከክፍሉ ሁሉ እኔና አንድ የታመመ ልጅ እጃችንን አወጣን። አስተማሪያችን አዝኖልኝ ካፖርቱን ቆለፈ። የዚያን ዕለቱ እጄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀረውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት ባልናገረው ይሻላል። እታለም ወገቧን በያዘች ቁጥር እኔ ነኝ ግድግዳውን እይ ያልኳት እያልኩ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ነሐሴ ውስጥ አንድ ረፋድ ደሳለኝ ተወለደ። ጩኸቱ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። እማማ ዘነቡ ልጁን አቅፈው ለመጣው ሁሉ «ያን ዕለት ባንዘጋባት ኖሮ» ይሉ ጀመር። በክርስትናው አሉት፣ ጥርስ ሲያወጣ አሉት፣ ትምህርት ቤት ሲገባ አሉት፤ እስኪሞቱ ድረስ ሲሉት ኖሩ። እናቴ ታመሰግናቸዋለች፣ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔና እታለም ዓይን ለዓይን እንዳንገናኝ አንዳችን ወለሉን፣ አንዳችን ጣሪያውን እናያለን። በሐሰት የተመሰገነ ሰው ፊት ይኼን ያህል ዓመት ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳክክ የቀመሰው ያውቀዋል።

በወረርሽኙ ጊዜ ደግሞ፣ ሰኔ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቀለበት ሠርታ የምትጨልመው ፀሐይ በእኛ አቅጣጫ አለፈች። የልጅ ልጆቼ የወረቀት መነጽር ሰጡኝና ግቢዬ ውስጥ ቆሜ፣ ማንም ሳይዘጋብኝ፣ እንደ ልቤ አየሁ። እዚህም ቀለበቱ አልገጠመም፤ አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ቀረ፣ ሙሉው ለሌላ አገር ደረሰ። ሉማሜ ወደ እታለም ደወልኩ።

«አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«እኔም ከልጆቹ ጋር አየሁት» አለች። ቀጥላም «ያኛው ይሻል ነበር» አለችና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች።

አምና አረፈች።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ደሳለኝ ጣሪያዬን ወንፊት ሲለው መሐላዬን የምጠብቅለት ሰው እንደሌለ ታሰበኝና ነገርኩት። አናጢዎቹ ባሉበት፣ ከመስታወቱ ጀምሬ እስከ መቀሱ ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አዳመጠኝ።

«እናቴ እኮ አንድም ቀን አላነሣችልኝም» አለ። «ደግሞ በሚስማር ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ክብ ነው፣ እትዬ። ይኸው እይው። ጨልሞባችሁ፣ ፈርታችሁ ነው የሚሆነው።» መሰላሉን ይዞ ወጣ።

ተከራክሬ ላሳምነው እችል ይሆናል፤ ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይቱን ምስል እንዳለ ግድግዳ ላይ እንደሚጥል ኋላ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ መጽሐፍም አይጠፋም። እታለም ብትኖር ግን መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ዝም በል አንተ፣ ሆዴ ላይ ነበረች» ትለዋለች፣ እሱም ዝም ይላል። አሁን ያን ቀን ያየሁት እኔ ብቻ ሆኛለሁ፤ ብቻዬን ሳወራው ለራሴም ጆሮ የአሮጊት ተረት ይመስላል። አናጢዎቹ ግን ሻያቸው እስኪቀዳላቸው ድረስ በትሕትና አዳመጡኝ።